ፔዝሊ፦ የአንዲት ከተማ ስም የጨርቅ ጥለት የሆነበት መንገድ

ጥለቱን ሳያውቁት አይቀሩም። ታቹ ሰፋ ብሎ የተነፋ፣ ላዩ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ጎንበስ ያለ፣ ውስጡ በጥቃቅን አበባና ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ቅርጽ ነው። በራስ ሻሽ፣ በከረባት፣ በቀይና በሰማያዊ ባንዳና፣ በአልጋ ልብስና በመጋረጃ ላይ ይገኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ፔዝሊ» ይሉታል። ፔዝሊ የከተማ ስም ነው፤ ከግላስጎው በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኋይት ካርት በሚባል ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የስኮትላንድ ከተማ ናት።

ጥለቱ ግን ትውልዱ ስኮትላንድ አይደለም። ዘሩ ከፋርስና ከህንድ፣ ይልቁንም ከካሽሚር ሸለቆ ይመዘዛል። ታዲያ የአንዲት ዝናባም የሰሜን ከተማ ስም በካሽሚር ሸማኔዎች ጥበብ ላይ እንዴት ተለጠፈ? አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ለዕቃ ስም የሚወጣለት ገበያ ላይ ነው። ዕቃው የተፀነሰበትን ቦታ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የተገዛበትን ግን ገዢው ሁሉ ያውቀዋል። ረጅሙን መልስ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እንየው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ስሟን ከየት አገኘች?

በጽሑፍ ተመዝግበው ከተገኙት የስሙ ቀደምት መልኮች አንዱ «ፓስሌት» ሲሆን ዘመኑ 1157 ነው። የቦታ ስም አጥኚዎች በብዛት የሚቀበሉት ማብራሪያ ስሙን «ባሲሊካ» ከሚለው የላቲን ቃል ያመጣዋል። ክርስትና በብሪታንያና በአየርላንድ ሲስፋፋ ሰባኪዎቹ ቃሉን ይዘውት ገቡ፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ለአንደበቱ እንዲመች አድርጎ ለወጠው። በጥንታዊው የአየርላንድ ቋንቋ «ባስሌክ» ሆነ፤ ትርጉሙም ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ዛሬም ዌልስ ውስጥ ባሳሌግ፣ አየርላንድ ውስጥ ደግሞ በሮስኮመን አውራጃ ባስሊክ የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ የሁለቱም ስም ከዚሁ ቃል እንደወጣ ይታመናል። የስኮትላንድ ጌሊክ ተናጋሪዎች ከተማዋን «ፓሽሊግ» ሲሏት ያ የድሮው የመጨረሻ ድምፅ አሁንም ይሰማል።

ቃሉን ወደ ኋላ ስንከተለው ከላቲን አልፎ ግሪክ ያደርሰናል። በግሪክ «ባሲሌውስ» ንጉሥ ነው፤ «ባሲሊኬ» ደግሞ የንጉሥ የሆነ ማለት ነው። ይህ ሥር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ሳንቲሞቻቸው ላይ ማዕረጋቸውን ያስቀረጹት በግሪክ ፊደል «ባሲሌውስ» ብለው ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የአቡነ ባስልዮስ ስምም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። የአክሱም ንጉሥ ማዕረግና የስኮትላንዷ ከተማ ስም በሩቁ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ለከተማዋ ስም ያወጣላት የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሆን? የአካባቢው ትውፊት በ6ኛው መቶ ዘመን ከአየርላንድ የመጣ ሚሪን የተባለ መነኩሴ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ተከለ ይላል። በ1163 ደግሞ የስኮትላንድ ንጉሥ የቤት አዛዥ የነበረው ዋልተር ፊትዝአለን ከእንግሊዝ የዌንሎክ ገዳም መነኮሳት አስመጥቶ ገዳም አቋቋመ። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ፈርሶ ቢጠገንም እስከ ዛሬ በከተማዋ መካከል ቆሟል። የዋልተር የሥራ ማዕረግ «ስቲዋርድ» ነበር፤ ማዕረጉ ለዘሮቹ የቤተሰብ መጠሪያ ሆነና ኋላ ስኮትላንድንና እንግሊዝን የገዛው የስቱዋርት ሥርወ መንግሥት በዚያ ስም ታወቀ። የሥራ ስም የዘር ስም፣ የሕንፃ ስም የከተማ ስም ሲሆን ፔዝሊ ጥለቱ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አይታዋለች።

ጥለቱስ ከየት ተነሣ?

ምርጡ የካሽሚር ሻል የሚሸመነው በላዳክና በቲቤት ከፍተኛ ቦታዎች ከሚኖር ፍየል ጸጉር ነው። ፍየሉ ብርዱን ለመቋቋም ከሻካራው ጸጉሩ ሥር በጣም ለስላሳ የሆነ ሌላ ጸጉር ያበቅላል፤ የሚፈተለው እሱ ነው። የካሽሚር ሸማኔ ማጉን በአንድ መወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር አይወረውርም። እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው በትንሽ የእንጨት ዘንግ ይጠቀልለዋል። ዘንጉ ቀለሙ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ በድሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ተመልሶ ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ይጠላለፋል። ጥለቱ ውስብስብ ከሆነ አንድ መስመር ለመሥራት ብዙ ዘንግ ማስገባትና ማውጣት ያስፈልጋል። አንድ ሻል ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ የነበረው ለዚህ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በሙጋል ነገሥታት ዘመን፣ በሻሎቹ ጠርዝ ላይ የሚታየው አንድ ራሱን የቻለ አበባ ነበር፤ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ አንዳንዴም ሥሩ ሳይቀር በግልጽ ይለያል። በ18ኛው መቶ ዘመን አበባው በዝቶ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የታጨቀ እቅፍ መሰለ። ቀስ በቀስ የእቅፉ ዙሪያ መስመር ጠንክሮ ወጣ፣ ጫፉም ጎንበስ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቅርጹ ተስቦ ረዘመና ከጠርዝ ተነሥቶ የሻሉን ገላ ሁሉ ሸፈነ። ዛሬ በባንዳና ላይ የምናየው ያ ጎባጣ ቅርጽ የአንድ አበባ የረጅም ጊዜ ለውጥ ውጤት ነው። ፋርሶች «ቦቴ» ይሉታል፤ ቁጥቋጦ ማለት ነው።

ፔዝሊዎች እንዴት ሠሩት?

በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከህንድ የሚመለሱ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሰዎች የካሽሚር ሻል ለሚስቶቻቸውና ለእህቶቻቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ። ሻሉ ሴቱን ሁሉ አስጎመጀ፤ ዋጋው ግን ከባለጠጋ በቀር የሚቀመስ አልነበረም። ፈላጊው ብዙ፣ ሻሉ ጥቂት ሲሆን አስመስሎ የሚሠራ መነሣቱ የማይቀር ነው። በብሪታንያ መጀመሪያ የጀመሩት ፔዝሊዎች አልነበሩም፤ እንግሊዝ ውስጥ ኖርዊች፣ ስኮትላንድ ውስጥ ኤደንብራ ቀድመዋቸዋል። ፔዝሊ ሥራውን የጀመረችው በ1805 ገደማ ነው።

ታዲያ ለምን እሷ አሸነፈች? አስቀድሞ በተልባ እግር ጨርቅና በስስ የሐር ሽመና የሠለጠኑ ሸማኔዎች ነበሯት። ሥራውንም በሙያ ከፋፈሉት፤ ንድፍ የሚያወጣው፣ ክር የሚያቀልመው፣ ድር የሚያደራው፣ የሚሸምነው፣ የሚከረክመው ሰው የየራሱ ነበር። በ1812 ገደማ በእጅ ሽመና ዕቃቸው ላይ ባከሉት መሣሪያ በ5 ቀለም መሸመን ቻሉ፤ ሌላው ቦታ የሚሠራው በ2 ቀለም ነበር። ወኪሎቻቸው ለንደን ተቀምጠው አዲስ የመጣውን የካሽሚር ሻል ንድፍ እየቀዱ ይልኩላቸው ነበር፤ ቅጂውም ብዙ ሳይቆይ ተሸምኖ ገበያ ይወጣል።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ጥለት ለማውጣት ሸማኔው ማጉን ከመወርወሩ በፊት የትኛው የድር ክር ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር መወሰን አለበት። በመጀመሪያ ይህን የሚያደርገው ከሽመና ዕቃው አጠገብ የሚቆም ልጅ ነበር፤ ሸማኔው ባዘዘው ቁጥር የታሰሩትን ገመዶች ይስባል። በ1804 ግን የሊዮኑ ሰው ጆሴፍ ማሪ ጃካር የልጁን ሥራ በተበሱ ካርዶች ተካው። ካርዱ ላይ ቀዳዳ ባለበት ቦታ መርፌው ያልፋል፣ መንጠቆው ይነሣል፣ የድሩም ክር አብሮ ይነሣል፤ ቀዳዳ በሌለበት ግን መርፌው ተገፍቶ ክሩ ባለበት ይቀራል። ለእያንዳንዱ የማግ መስመር አንድ ካርድ ይቆምለታል። ካርዶቹ በቅደም ተከተል እንደ ሰንሰለት ተሰፍተው ሲዞሩ አበባው በጨርቁ ላይ መስመር በመስመር እየወጣ ይሄዳል። ከ1820ዎቹ ወዲህ ይህ ስልት ፔዝሊ ውስጥ እየተስፋፋ ሄደ።

ውጤቱ በአንድ የካሽሚር ሻል ዋጋ ብዙ የፔዝሊ ሻል የሚገዛበት ገበያ ሆነ። የመምህር ሚስት፣ የባለሱቅ ልጅ፣ በቁጠባ ያጠራቀመች ሠራተኛ ሻል ለበሱ። በስኮትላንድ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትደርበው ልብስ ሆነ። ስሙ ሥር የሰደደውም በእነዚህ ሴቶች ትከሻ ላይ ነው።

ስሙ እንዴት ተላለፈ?

መጀመሪያ ስሙ የተሠራበትን ቦታ ብቻ ያመለክት ነበር፤ «የፔዝሊ ሻል» ማለት ፔዝሊ የተሸመነ ሻል ነው። ቀጥሎ ነገሩ የታወቀ ስለሆነ ሰው ንግግሩን ያሳጥራል፤ «ፔዝሊዬን አምጪልኝ» ብትል ሻሏን ማለቷ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በመጨረሻ ስሙ ከሻሉ ይላቀቅና ሻሉ ላይ ጎልቶ በሚታየው ቅርጽ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ቅርጹ በከረባትም ላይ ይታተም በወረቀት ላይ ስሙ ይከተለዋል። እንግሊዝኛ ይህን ለውጥ በፊደል ያሳያል፤ ከተማዋ በትልቁ ፊደል ስትጀምር ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ በትንሹ ይጀምራል። ትንሹ ፊደል ስሙ የቦታ መሆኑን ትቶ የዕቃ መሆኑን መቀበሉ ነው።

የጨርቅ ንግድ እንዲህ ባሉ ስሞች የተሞላ ነው። ካሽሚር ራሷ ስሟን ለለስላሳው የፍየል ጸጉር ጨርቅ ሰጥታለች። «ዴኒም» የፈረንሳይዋን ኒም፣ «ጂንስ» የጣሊያኗን ጄኖቫ፣ «ሙስሊን» የኢራቋን ሞሱል ያስታውሳል። ነገሩ ለእኛ ግልጽ የሚሆነው በቡና ነው። የሐረር ቡና በውጭ ገበያ «ሞካ ሐረር» እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል፤ ሞካ ደግሞ የየመን ወደብ ናት። ቡናውን ያበቀለው የሐረርጌ ገበሬ ነው፤ የውጭው ገዢ የሚያውቀው ግን መርከቡ የተነሣበትን ወደብ ነበር። የፔዝሊም ነገር እንዲሁ ነው።

ሌሎችስ ምን ይሉታል?

ፔዝሊ የሚለው ስም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ገበያ እንደወጣ ማስረጃው ሌሎች ሕዝቦች ያንኑ ቅርጽ የሚጠሩበት ስም ነው። ፈረንሳዮችም በፓሪስና በሊዮን የካሽሚርን ሻል አስመስለው በብዛት ሸምነዋል። ሆኖም የሚያስታውሱት የመጣበትን አገር ስለሆነ ጥለቱን እስከ ዛሬ «ካሽሚር» ይሉታል። ሩሲያውያን ከቅርጹ ተነሥተው «ኪያር» ይሉታል። በፑንጃብና በታሚል አገር ስሙ ከማንጎ ጋር የተያያዘ ነው፤ በእርግጥም ቅርጹ ማንጎ ይመስላል። በአዘርባጃን «ቡታ» ይባላል፤ እንደ አገር ምልክትም ይታያል። ስለ ትርጉሙም ሰው ሁሉ አንድ ቃል የለውም፤ አንዱ ነፋስ ያጎነበሰው የጥድ ዛፍ፣ ሌላው የእሳት ነበልባል፣ ሌላው ለውዝ ነው ይላል። የስሙ ብዛት የሚነግረን ጥለቱ በስንት አገር በር እንዳለፈ ነው።

የማይታየው ክር

የፔዝሊ ሰዎች በስማቸው ላይ ያላቸው ኩራት ከጥለቱ ውበት ብቻ የመጣ አይደለም። ሸማኔዎቹ የሚያነብቡ፣ የሚከራከሩ፣ ግጥም የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ በስኮትላንድ ስሙ የታወቀው ገጣሚ ሮበርት ታናሂል ሸማኔ ነበር። ለመብታቸውም ቆመዋል።

በሻሉ ውስጥ ባለቀለሙን ማግ ሁሉ አጥብቆ የሚይዝ አንድ ቀጭን ክር አለ፤ በአገሩ አነጋገር «ስማ ሾት» ይባላል፣ ትንሿ ውርወራ ማለት ነው። ክሩ ከላይ አይታይም፤ ባይኖር ግን ጥለቱ ይላላል፣ ሻሉም ሻል አይሆንም። ሸማኔዎች የሚከፈሉት በወረወሩት ማግ ልክ ነበር፤ አሠሪዎቹ ግን የማይታየውን ክር አንቆጥርም አሉ። ሸማኔው ክሩን ከኪሱ ገዝቶ፣ ጉልበቱን ጨምሮ፣ ያለ ዋጋ ይወረውረው ነበር። ከብዙ ክርክርና ትግል በኋላ በ1856 አሠሪዎቹ ለዚያ ክር ለመክፈል ተስማሙ። ከተማዋ ይህን ድል ዛሬም በጁላይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ታከብራለች። የሸማኔዎቹ ከበሮ ይመታል፣ ሕዝቡ በሰልፍ ይወጣል፣ «ኮርክ» የሚባለው የአሠሪው ምስልም ይቃጠላል። እኔ ከፔዝሊ ታሪክ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው፤ ዓለም የሚያውቀውን ስም የተሸከመው ሻል ጸንቶ የኖረው ማንም በማያየው ሥራ ነበር።

ሻሉ ሲሞት ስሙ ለምን አልሞተም?

የሻል ንግድ ከፍታና ዝቅታ የበዛበት ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ፔዝሊ ከባድ የሥራ ማጣት ሲመታት ንግሥት ቪክቶሪያ በ1842 የከተማዋን ሻሎች ገዝታ ለብሳለች። ንግዱን በመጨረሻ የጣለው ግን የልብስ ፋሽን ነው። ሰፊው ድንኳን መሰል ቀሚስ ትልቅ ሻል ይፈልግ ነበር፤ በ1870ዎቹ ቀሚሱ ከፊት ጠቦ ከኋላ የሚነፋ ሲሆን ሻሉ የኋላውን ጌጥ ስለሚሸፍን ተተወ። በጨርቅ ላይ የታተመ ርካሽ ሻልም ለሁሉም ስለበዛ የባለጠጋ ምልክትነቱ ቀረ። ካሽሚር ደግሞ የባሰ መከራ ደረሰባት። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል በተነሣው ጦርነት ትልቁ ገበያዋ ተዘጋ፤ ከ1877 እስከ 1879 የቆየው ረሃብም ሸማኔዎቿን ፈጀ።

ፔዝሊ ሌላ እንጀራ ነበራት። ናፖሊዮን ባመጣው የንግድ እገዳ ሐር በጠፋበት ዘመን፣ በ1806፣ ፓትሪክ ክላርክ ለሽመና ዕቃው የሚሆን ለስላሳና ጠንካራ የጥጥ ክር ሠራ። ያ ክር ለመርፌም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። የክላርክና የኮትስ ቤተሰቦች ፋብሪካዎች ፔዝሊን ከዓለም ዋና ዋና የስፌት ክር ከተሞች አንዷ አደረጓት።

ስሙም በየአቅጣጫው መሄዱን ቀጠለ። የቤተሰብ ስም ሆኖ የእግር ኳስ ወዳጆች በቦብ ፔዝሊ ያውቁታል፤ ሊቨርፑልን በ1977፣ በ1978ና በ1981 የአውሮፓ ዋንጫ ያስወሰደው አሠልጣኝ ነው። በሕግ ትምህርት ቤቶች ስሙ ከቀንድ አውጣ ጋር ይነሣል። በ1928 በፔዝሊ አንድ ካፌ ውስጥ ሜይ ዶኖሁ የተባለች ሴት ጓደኛዋ የገዛችላትን የዝንጅብል መጠጥ ስትጠጣ ከጠርሙሱ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ አምራቹን ከሰሰች። መጠጡን የገዛችው ራሷ ስላልሆነች የውል መብት አልነበራትም። በ1932 በዚያ ዘመን የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት አምራች ከሻጭ አልፎ ዕቃውን ለሚጠቀመው ሰውም ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ሲል በ3 ለ2 ድምፅ ወሰነ። የእንግሊዝን ሕግ የተከተሉ አገሮች ሁሉ ጉዳዩን እስከ ዛሬ ያስተምራሉ።

አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፕሪንስ በሚኒሶታ ለሠራው ስቱዲዮ «ፔዝሊ ፓርክ» ብሎ ስም አወጣ። አሜሪካ ውስጥ ሴት ልጃቸውን ፔዝሊ የሚሉ ወላጆችም በዝተዋል። የከተማዋ ተወላጆች ግን እርስ በርስ የሚጠራሩት «በዲ» እየተባባሉ ነው፤ በሚሪን ስም በ1877 የተመሠረተው የእግር ኳስ ክለባቸው ደጋፊዎችም በዚሁ ይጠራሉ።

ስሙን እንዴት እንጠቀምበት?

በአማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ «የ» ግን አለችን። «የፔዝሊ ሻል» ስንል እዚያች ከተማ የተሸመነ፣ «ፔዝሊ ሻል» ስንል ያ ጎባጣ ጥለት ያለበት፣ የትም የተሠራ ይሁን፣ እንደማለት አድርጎ መለየት ይቻላል። ድምፁም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ የ«ስ» ፊደል ቢኖርም ሲነገር «ዝ» ነው።

የድሮ ሻል እጅዎ ከገባ ገልብጠው ይዩት። በፔዝሊው መሣሪያ የተሠራ ከሆነ ባለቀለሙ ማግ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሄድ ጀርባው ላይ የቀረው ክር ተከርክሟል፤ የተቆረጡ ጫፎች እንደ ሰንበር ተሰልፈው ይታያሉ። በካሽሚር ዘንግ የተሸመነ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቀለም በየቦታው ተጠላልፎ ስለሚመለስ እንዲህ ያለ የተከረከመ ክር አያገኙም። ፊቱ ከታተመ ጀርባው ደግሞ ደብዘዝ ይላል።

የከተማ ስም የለበሰ ዕቃ ሲያጋጥምዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መጀመሪያ ማን አሰበው? በብዛት ሠርቶ ለተራው ሰው ያደረሰው ማን ነው? ስሙስ የማን ሆነ? ለፔዝሊ ጥለት መልሱ ይታወቃል። የመጀመሪያው ክብር የካሽሚር ሸማኔዎች ነው። ሁለተኛው የፔዝሊ ሸማኔዎች ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ለማይታየው ክራቸው ዋጋ ያገኙት ታግለው ነው። ስሙ ለከተማዋ ደርሷል፤ የሚነጥቃትም የለም። እኛ ግን ስሙን በጠራን ቁጥር ካሽሚርንም አብረን ብናነሣ ለሁለቱም ወገን የሚገባውን ሰጠን ማለት ነው።